ወንድማችንን እንዝጋበት ወይስ እንሰብሰብበት?

ጥያቄ፦ «የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። የ28 ዓመት ወንድም አለኝ። ከትራንዚት ሥራው ከተባረረ ዓመት አልፎታል። ከቀኑ 7 ሰዓት ጀምሮ ይቅማል፣ ማታ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ለማብረድ ለሚጠጣው መጠጥ፣ ይወጣል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይገባል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጠዋት ሲነሣ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አረቄ ቀመስ ካላደረገ ቁርስም አይበላም። አባታችን ካነጋገረው ሦስት ወር ሆኖታል። አባታችን ራሱ ከሰዓት ከጓደኞቹ ጋር እቤት ይቅማል፣ ግን ልክ ያውቃል። እናታችን ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች፤ በጎን ግን ገንዘብ ስትሰጠው አይቻለሁ። ውጭ አገር ያለው ታላቃችን በየወሩ ይልክለታል። የ13 ዓመቱን ታናሻችንን ጫት እንዲገዛለት ይልከዋል። አጎታችን ‹አሥር ቀን አንድ ክፍል ውስጥ ብንዘጋበት ይለቀዋል› ይላል። እኔ ቤተ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ፊት ለፊት ቢነግረው ይሻላል እላለሁ። እርሱ ‹ሱሰኛ አይደለሁም፣ ስፈልግ አቆማለሁ› ባይ ነው። ራሱ ካልፈለገ ቤተሰብ ምን ማድረግ ይችላል?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ እግረ መንገድዎን ያነሡት አንድ ነገር ከሌላው ሁሉ ይቀድማል፤ እርሱም ጠዋት እጁ መንቀጥቀጡና አረቄ ሲቀምስ መርጋቱ ነው። ይህ ሰውነቱ ያለ አልኮል መሥራት እያቃተው መሆኑን ያሳያል። ስለዚህ የአጎትዎ ሐሳብ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም ወንድምዎን ሊገድለው ይችላልና ከዛሬ ጀምሮ ይቅር።

ምክንያቱን ላስረዳ። አልኮል የአንጎልን ሥራ ያቀዘቅዛል። ለወራት በየቀኑ የሚጠጣ ሰው አንጎል ይህን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ማንቃት ይለምዳል፤ ፍሬን ተይዞበት እንደሚሄድ መኪና ነዳጁን አብዝቶ ይረግጣል ማለት ነው። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ይቆያል። ይህ በደንገጎ ቁልቁለት ላይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ለድሬ ሰው መንገር አያስፈልግም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አንዳንዶች ከባድ መቃዠት ውስጥ ይገባሉ፤ ቀኑና ቦታው ይጠፋባቸዋል፣ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ያተኩሳቸዋል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ካልታከመ ሊሞት ይችላል። በተቆለፈ ክፍል፣ በድሬዳዋ ሙቀት፣ ምግብና ውኃ አልወርድ እያለው ይህ ቢደርስበት፣ በር ላይ የቆመው ዘመድ «ሀራራው ነው፣ ይወጣለታል» እያለ ሰዓቱን ያሳልፈዋል።

አጎትዎ ይህን ሐሳብ ከየት እንዳመጡት መገመት አያቅተኝም። በድሬም በሐረርም ተዘግቶበት ወይም ዘመድ ዘንድ ገጠር ተልኮ ጫት የተወ ሰው ታሪክ ያልሰማ የለም። ታሪኩ ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ነገሩ ጫትና አልኮል ሲቋረጡ የሚያመጡት ሕመም የተለያየ መሆኑ ነው። ጫት ያቆመ ሰው ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይነጫነጫል፣ ሆዱ ይባባል፣ ሌሊት ዱካክ የሚባለው ቅዠት ይጫነዋል። ያስጨንቃል እንጂ በራሱ ነፍስ አያጠፋም፤ አብዛኛው ስሜት በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ለአልኮል የለመደ ሰውነት ግን ይህን ዓይነት ድንገተኛ ማቋረጥ አይችልም። በጫት የተሞከረውን ዘዴ ለአረቄ መጠቀም ነው ስሕተቱ። ስለሆነም ለመስማት የሚከብድ ምክር ልስጥ፤ ወንድምዎ በሐኪም እስኪታይ ድረስ አረቄውን አትድፉበት፣ በጉልበትም አታስቁሙት። ዲያዚፓምም ከፋርማሲ ገዝታችሁ በግምት አትስጡት። መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ መንዘፍዘፍን የሚከላከል ቢሆንም ከአልኮል ጋር ሲደራረብ ትንፋሽን ያፍናል።

ሁለተኛው መስተካከል ያለበት ነገር በቤትዎ ሁለቱ ሱሶች ተነጣጥለው መታየታቸው ነው። «መጠጡን ይተው እንጂ ጫቱስ ግድ የለም» የሚል ቤተሰብ በሥራዬ ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል፤ የእርስዎ አባትም «ልክ አውቃለሁ» በሚለው ቃል ውስጥ ይህንኑ ሳይሉ አይቀሩም። የወንድምዎን አንድ ቀን ብቻ ተከትለን እንመልከተው። ከአወዳይ የመጣውን ትኩስ ጫት ከምሳ በኋላ ይጀምራል። ጫት ትኩስነቱ የሚፈለገው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገሩ ቅጠሉ በተቆረጠ በሁለት ቀን ውስጥ አብዛኛውን ኃይሉን ስለሚያጣ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ከአምፌታሚን ጋር የሚዛመድ በመሆኑ ምርቃናው ሲያልፍ ሰውየውን እንቅልፍ የለሽ፣ ጭንቅ ያለበትና ብስጩ ያደርገዋል። ያን ጊዜ የሚያወርድ ነገር ይፈለጋል፤ እርሱም ጨብሲ ነው። በጨብሲ የመጣ እንቅልፍ ደግሞ እረፍት የሌለው ስለሆነ ጠዋት ሰውነቱ ይከብዳል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ በአረቄ ይረጋጋል፤ ቀኑ ሲጋመስ ድብርቱን ለመግፈፍ እንደገና ጫት ያምረዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ነው የሚኖረው። ከሰዓት ምርቃናው ባለበት ይቀጥል፣ ማታ ጨብሲው ብቻ ይቁም ማለት ወንድምዎን በየሌሊቱ ዓይኑን አፍጥጦ እንዲያድር መፍረድ ነው፤ እንዲህ አድሮ ደግሞ ብዙ ቀን አይዘልቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ፣ «ራሱ ካልፈለገ» ወደሚለው ልምጣ። ብዙ ሰው የሱስ ሕክምና የሚጀምረው ሱሰኛው «በቃኝ» ባለ ቀን ነው ብሎ ያምናል፤ ቤተሰቡም ያን ቀን በመጠበቅ ዓመታት ያልፉበታል። ፍላጎት ግን በር እንደተዘጋና እንደተከፈተ ያለ ነገር አይደለም። ወንድምዎም ጠዋት እጁ ሲንቀጠቀጥ ኀፍረት ሲሰማውና ከቀኑ 9 ሰዓት ምርቃናው ሲሞቅ ትምክሕት ሲሰማው አንድ ሰው አይደለም። «ስፈልግ አቆማለሁ» የሚለውን በየትኛው ሰዓት እንደሚናገረው ልብ ብለው ያስተውሉ። ቤተሰብ ፍላጎትን መፍጠር አይችልም፤ የሚመጣበትን ሰዓት ማወቅና በዚያ ሰዓት ዝግጁ ሆኖ መገኘት ግን ይችላል።

እርስዎ ያሰቡት የፊት ለፊት ስብሰባ ዓለም ላይ በሰፊው የተሞከረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት፣ መታከም አሻፈረኝ ያሉ ጠጪዎች ያሏቸውን 130 የቤተሰብ አባላት በሦስት ከፍሎ ተመልክቷል። የመጀመሪያዎቹ ዘመድ ተሰብስቦ ጠጪውን በድንገት ፊት ለፊት እንዲያናግር ተዘጋጁ። ሁለተኞቹ ጠጪውን መለወጥ በእጃቸው እንዳልሆነ ተቀብለው ራሳቸውን እንዲያረጋጉ ተረዱ፤ ይህኛው መንገድ ጠጪውን ወደ ሕክምና የማምጣት ዓላማ እንደሌለው ልብ ይሏል። ሦስተኞቹ ደግሞ ክራፍት በሚባለው ዘዴ በየዕለቱ ከጠጪው ጋር የሚኖራቸውን አኗኗር እንዲለውጡ ሠለጠኑ፤ ሲጠጣ እንዴት እንደሚርቁ፣ ሳይጠጣ ሲውል እንዴት እንደሚቀርቡ፣ ስለ ሕክምና መቼና በምን ቃል እንደሚያነሡ ተማሩ። ወደ ሕክምና የመጡት ጠጪዎች በመጀመሪያው መንገድ 30 በመቶ፣ በሁለተኛው 13 በመቶ፣ በሦስተኛው 64 በመቶ ነበሩ። በመጀመሪያው ቡድን ውጤቱ ያነሰበት ዋና ምክንያት አብዛኞቹ ቤተሰቦች ስብሰባውን ሳያካሂዱት መቅረታቸው ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ልባቸው አልቻለም። ጥናቱ የተሠራው በመጠጥ ላይና በሌላ አገር ነውና ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሳቢያን ማምጣት አይገባም፤ መንገዱ ግን በቤቶቻችን ከማየው ጋር ይስማማል።

እዚህ ስብሰባ ሲባል ምን እንደሚመስል ደግሞ እናውቀዋለን። አጎት ይመጣል፣ አክስት ከሐረር ትመጣለች፣ የዕድር ወይም የአፎቻ ሽማግሌ ይጠራል፣ ጎረቤት ጀበናውን ሰምታ ትገባለች። አንዴ ሰባት ሰዎች አንድ ወጣት ይዘው ወደ ክፍሌ ገብተው ነበር። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሲናገሩ ወጣቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታና ሲያስር ነበር፤ ጥያቄ ስጠይቀውም አክስቱ ትመልስለታለች። ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሶ የመጣው ከአራት ወር በኋላ፣ ከእናቱ ጋር ብቻ ሲሆን ነው። ሰው በተሰበሰበ ዘመድ ፊት ጥፋቱን ሲዘረዝሩበት የሚያስበው ስለ ሕክምና ሳይሆን ስለ መውጫው በር ነው። እርስዎ ስብሰባ ማሰብዎ ትክክል ነው፤ መሰብሰብ ያለባችሁ ግን እርሱ በሌለበት፣ አብራችሁ የምትኖሩትና ገንዘብ የሚልከው ታላቃችሁ ብቻ ሆናችሁ ነው። የመወያያው ርእስም እርሱ ሳይሆን እናንተ የምታደርጉት ነገር ይሁን። ድሬ አንቱታ አታውቅም ይባላል፤ ልጅም አባቱን «አንተ» ብሎ ነው የሚያዋራው። ለዚህ ጉዳይ ይህ ልማድ ይጠቅማችኋል። ሌላ አገር በአባት ፊት አፍ የሚያስይዘው ነገር በእናንተ ቤት በቀላሉ ሊነገር ይገባል።

ከእናትዎ እንጀምር፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ቤት ወቀሳው የሚወድቀው በእናት ላይ ነው። እናትዎ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ሁለት መቶ ብር ሲያስጨብጡት ሱሱን እየመገቡ መሆናቸውን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ገንዘቡ የሚገዛላቸው ነገር አለ፤ የዚያን ማታ ሰላም ይገዛል፣ ከሰው ኪስ እንዳይገባ፣ የቤት ዕቃ እንዳይሸጥ ያደርጋል ብለው ያስባሉ። «ከዛሬ ጀምሮ አትስጪው» ብላችሁ ብትቆጧቸው መስጠቱ ይቀጥላል፣ መደበቁ ብቻ ይጨምራል። ይልቅ የሚፈሩትን ይጠይቋቸው፤ ሳትሰጪው ስትቀሪ ምን ይሆናል ብለሽ ትሰጊያለሽ? ይሰርቃል ካሉ የሚሰረቅ ነገር ይቆለፍ። ይጮኻል ካሉ በዚያ ሰዓት ብቻቸውን አይሁኑ። ይራባል ካሉ መልሱ ቀላል ነው፤ ምግብ፣ ልብስ፣ የባጃጅ ሒሳብ ወደ ሆስፒታል፣ ይህ ሁሉ አይከለከልም፤ ጥሬ ገንዘብ ግን በእጁ አይገባም። ታላቃችሁም የሚልከውን ለወንድሙ በስሙ መላኩን አቁሞ በእርስዎ በኩል ለሕክምናና ለቤት ወጪ ያድርገው። አንዱ ከልክሎ ሌላው የሚሰጥ ከሆነ ልጁ የሚማረው ትዕግሥት ሳይሆን ከአንዱ ወደ ሌላው መሄድ ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ባንድ ቀን ካልጀመራችሁ አለመጀመር ይሻላል። ገንዘቡ ከመቆሙ በፊት የሐኪም ቀጠሮው መቅደሙን ግን አይርሱ፤ ሰውነቱ የለመደው ሰው ገንዘብ ሲያጣ ያለ ሐኪም በድንገት ያቆማል፣ ከላይ ያልኩት አደጋም ይመጣል።

እርስዎም ከዚህ አይወጡም። ግሮሰሪው ያለበትን ዱቤ የከፈለው ማን ነው? ከሥራ ሳይባረር በፊት «ታይፎይድ ይዞት ነው» ብሎ ለአለቃው የደወለው ማን ነው? ጥያቄዎ ላይ አልጻፉትም፤ ነገር ግን በእንዲህ ያለ ቤት ብዙውን ጊዜ ይህን የምትሠራው እኅት ናት። ሱስ የሚያመጣውን መዘዝ ሌላ ሰው እየተሸከመለት ከሆነ ወንድምዎ የሚያየው ምርቃናውን ብቻ ነው። ዱቤውን አይክፈሉ፣ አይዋሹለት፤ ሲወድቅ ግን ያንሡት፣ ሲታመም ያሳክሙት። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ቀጭን ነው፤ እኔ የምለይበት ጥያቄ «ይህን ካላደረግሁ ጤናው ይጎዳል ወይስ ሱሱ ይቸገራል?» የሚል ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የአባትዎ ነገር ነው። አባትዎ ልክ ያውቁ ይሆናል፤ በዚህ ከተማ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከበርጫ፣ ከጫት መቃሚያው ጨዋታ፣ ተነሥተው ወደ ሥራቸው የሚመለሱ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ልጁ ከሆስፒታል ወጥቶ ሳሎን ሲገባ ፍራሹ ተነጥፎ፣ የጫቱ ትርፍራፊ ገራባ ምንጣፉ ላይ ተበትኖ፣ የለውዙና የለስላሳው ሽታ ቤቱን ሞልቶት ካገኘው፣ የማንም ምክር አይረዳውም። ሀራራ የሚቀሰቀሰው በቦታ፣ በሰዓት፣ በሽታና በሰው ነው። አባትዎ ለዘላለም ይተዉ አልልም፤ ቢያንስ ለሦስት ወር በርጫው ከቤት ይውጣ፣ ቢቻል ይቁም። ይህን የምለው ጫታቸውን ከልጃቸው ጋር እኩል ለማድረግ አይደለም። ሦስት ወር አለማነጋገራቸው ያልሠራውን ሥራ «ለአንተ ስል ሳሎኑን ዘግቼዋለሁ» የሚል አንድ ቃል ሊሠራው ስለሚችል ነው። ዝምታቸውም መቆም አለበት። ኩርፊያ ሱስን አያስቆምም፤ ልጁ የሚሸሽበትን ተጨማሪ ምክንያት ብቻ ይሰጠዋል።

ታናሻችሁን በሚመለከት ድርድር የለም። ከዛሬ ጀምሮ ለማንም፣ ለአባትም ቢሆን፣ ጫት ሊገዛ አይላክ። የሆነውንም ከእርሱ አትደብቁ፤ «ወንድምህ ታሟል፣ ሐኪም እናሳየዋለን፣ የአንተ ጥፋት አይደለም» ማለት ይበቃዋል።

ለወንድምዎ የሚነገረውን አንድ ሰው ይናገር፤ እርሱም ወንድምዎ እስከ አሁን የሚሰማው ሰው ይሁን። ከጥያቄዎ እንደምረዳው ያ ሰው እርስዎ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሰዓቱ ጠዋት፣ መንቀጥቀጡ ጋብ ካለ በኋላና ከጫት በፊት ነው፤ ማታ ጠጥቶ ሲገባ ስለ ሕክምና አንዲትም ቃል አይነሣ፣ ቢያነሣ እንኳ «ነገ ጠዋት እናወራለን» ይባላል። ንግግሩ አጭር፣ ያዩትን ብቻ የሚናገርና አንድ ጥያቄ ያለው ይሁን። ለምሳሌ፦ «ጠዋት እጅህ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ፈራሁ። ይህ የሰውነት ሕመም ነው፣ መድኃኒት አለው ተብያለሁ። ሐሙስ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ሐኪሙ እንዲያይህ ብቻ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ጫት ተው፣ መጠጥ ተው፣ አባትህን አሳፈርክ፣ የሚሉት ሁሉ ይቅሩ። «ሱሰኛ» የሚለውን ቃልም አይጠቀሙ፤ ክርክሩ በቃሉ ላይ ይሆንና ሐሙስ ያልፋል። እምቢ ካለ አይለምኑ፣ አያስፈራሩ፤ «እሺ፣ ቀጠሮው ግን አለ» ብለው ይነሡ። ከሳምንት በኋላ፣ ክፉ ሌሊት ባሳለፈበት ማግሥት፣ በዚያው ቃል ይድገሙት። ሳይጠጣ በገባበት ማታ ደግሞ ሳታጋንኑ ራት አብራችሁ ብሉ፣ አጫውቱት። ብዙ ቤተሰብ ልጁ ሲሰክር ሌሊቱን ሙሉ ከእርሱ ጋር ያሳልፋል፤ ደኅና በሆነበት ቀን ግን የሚያየው የለም።

ሕክምናውን በተመለከተ በድሬዳዋ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ በሐረር ደግሞ ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ወንድምዎ ያለበት ደረጃ ተኝቶ መታከም ሊያስፈልገው ይችላል፤ በተለይ ከዚህ በፊት አቁሞ ተንዘፍዝፎ ወይም ቃዥቶ ከሆነ፣ ቤት መጀመር ፈጽሞ አይታሰብም። የመጀመሪያው ምዕራፍ፣ አልኮሉን ከሰውነት በሰላም የማስወጣቱ ሥራ፣ መጠኑ እየተቀነሰ በሚሄድ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 በአብዛኛው በአንድ ሳምንት አካባቢ ያልቃል። ቤተሰብ «ታከመ፣ ዳነ» ብሎ የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ይህ ግን ዋናው ሕክምና የሚጀመርበት ደጃፍ ነው። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ወራት የምክር ክትትል፣ የተበላሸውን እንቅልፍ ማስተካከል፣ ድብርት ወይም ጭንቀት ካለ እርሱን ማከም፣ ከሁሉም በላይ ባዶውን ከሰዓት መሙላት ይመጣል። ለመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ጫትን የሚያስተው የተረጋገጠ መድኃኒት ግን እስከ አሁን የለም። «በሦስት ቀን ጫት የሚያስጠላ» እያለ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ። በምግቡ ውስጥ ደብቆ የሚሰጥ «መጠጥ ማስጠያ» ዱቄትም ቢሆን አይሞከር፤ ጉበቱን ሊጎዳ፣ ከአልኮል ጋር ተጋጭቶ ልቡን ሊያውክ ይችላል። ደግሞም አንድ ቀን ይታወቃል፣ ከዚያ በኋላ እቤት ምግብ አይቀምስም።

ስለ እናትዎ ስለት እንዲህ እላለሁ። እምነት ከሕክምናው ጋር አይጣላም፤ ለብዙ ታካሚዎቼ የጸናላቸው ድጋፍ የንስሐ አባታቸው ወይም የሰፈራቸው ሼህ ነው። አደጋው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥን ሰው ጠበል ቦታ ወስዶ፣ አረቄውን በድንገት አስቁሞ፣ በባዶ ሆድ ማዋል ከአጎትዎ ክፍል የተለየ ውጤት የለውም። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ሰውነቱ ሲረጋ ጠበሉ ይከተል፤ የታዘዘለት መድኃኒት ካለም ጠበል ላይ እያለ አይቋረጥ። ስለቱ ለታኅሣሥ 19 ወይም ለሐምሌ 19 ከሆነ እስከዚያ ቀጠሮው አይጠብቅ።

ወሰኑንም ማወቅ አለባችሁ። ያልኩትን ሁሉ አድርጋችሁ ወንድምዎ ለወራት እምቢ ሊል ይችላል፤ ታክሞም ሊያገረሽበት ይችላል። ማገርሸት በዚህ ሕመም የተለመደ ነው። ሲያገረሽ በመጀመሪያው ቀን ወደ ተስማማችሁበት ሕግ እንጂ ወደ ኩርፊያ አትመለሱ። ቤተሰብ ሥራ ሊሰጠው፣ ጓደኞቹን ሊመርጥለት፣ በሱሱ ፋንታ ሊታገልለት አይችልም። የማይጠበቅባችሁም ነገር አለ፤ እጁን በእናንተ ላይ ካነሣ ከቤት መውጣትና ሕግ ጋር መሄድ ክህደት አይደለም። ሰዎች እየተከታተሉት እንደሆነ፣ ድምፅ እንደሚሰማ ከተናገረ፣ ወይም መኖር እንደማይፈልግ ካነሣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ የዚያኑ ቀን ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ፣ ብቻውንም አይተው። መንዘፍዘፍ፣ ግራ መጋባት ወይም ከትኩሳት ጋር መቃዠት ከታየም እንዲሁ፣ ሌሊትም ቢሆን።

እንግዲህ የምመክርዎ ይህን ነው። ስብሰባውንም መዝጋቱንም ይተዉና በዚህ ሳምንት እርስዎ ብቻዎን ወደ ድል ጮራ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይሂዱ፤ ወንድምዎ ባይኖርም ባለሙያው እርስዎን ማነጋገር ይችላል። ሲሄዱ በአንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጽፈው ይያዙ፦ በቀን ስንት መለኪያ አረቄ ወይም ስንት ቢራ እንደሚጠጣ፣ ስንት ሰዓት ሳይጠጣ ሲቆይ መንቀጥቀጡ እንደሚጀምር፣ ተንዘፍዝፎ ወይም ቃዥቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ከፋርማሲ የሚገዛው እንክብል ካለ ስሙን። የሐሙሱን ቀጠሮ ያኔ ይያዙለት። ወደ ቤት ሲመለሱ፣ እርሱ ለጨብሲ በወጣበት ሰዓት፣ ከአባትዎና ከእናትዎ ጋር ይቀመጡ፤ ታላቃችሁን በስልክ ያስገቡት። መጀመሪያ የሚወሰነውም የአባትዎ ሳሎን ይሁን።